በ19 ዓመቴ «አልሰራቲቭ ኮላይተስ» ተባልኩ፤ ደሙ ከቆመ መድኃኒቱን ባቆመውስ?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ዶርም ነው። ለስምንት ወር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያሠቃየኝ «አሜባ ነው» እየተባልኩ አራት ጊዜ ፍላጂል ወሰድኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ) ተደረገልኝና የትልቁ አንጀቴ የግራ ክፍል ቆስሏል፣ በሽታው አልሰራቲቭ ኮላይተስ ነው ተባልኩ። ሜሳላዚን እና 40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደሙ ቆሟል፤ ፊቴ ግን እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው» ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናቴ ሁሉንም ትተሽ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ወደ ካንሰር ይለወጣል? ትምህርቴን እጨርሳለሁ? ማግባትና መውለድስ? ጾም መጾም እችላለሁ? ደሙ ከቆመ መድኃኒቱን ባቆመው ምን ይሆናል?

ምላሽ፦ የመጨረሻውን ጥያቄሽን እናስቀድም፤ ሌሎቹ ቢያድሩ አይጎዱም፣ ይሄኛው ግን ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎኑን በራስሽ ውሳኔ በአንድ ጊዜ እንዳታቆሚ።

ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚያ ሆርሞን ዘመድ ነው። ከውጭ በብዛት ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ይተኛሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥ ለመንቃት ጊዜ ስለማያገኙ ሰውየውን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ በደረጃ ነው የሚቀነሰው። የተለመደው አካሄድ በየሳምንቱ 5 ሚሊ ግራም እየቀነሱ 40፣ 35፣ 30 እያሉ መውረድ ነው፤ ከ40 ተነስቶ ለመጨረስ 8 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ያንቺ ሐኪም ትንሽ የተለየ ሰሌዳ ሰጥቶሽ ይሆናል፤ የእሱን ተከተዪ። ሰሌዳ ካልሰጠሽ ግን ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። «40 ውሰጂ» ብቻ ተብሎ የመቀነሻው ቀን ሳይነገራቸው የሚወጡ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ ግማሾቹ በድንገት ያቆማሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ለወራት ሲውጡ ይቆያሉ። ሁለቱም ጉዳት አለው።

የፊትሽ ማበጥ የኩላሊት ሕመም ምልክት አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን ስብ ወደ ፊትና ወደ ማጅራት ስለሚያዛውር የሚመጣ ነው። መጠኑ ሲቀንስ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በሳምንታት፣ ቢዘገይ በጥቂት ወራት ፊትሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብጉሩም፣ የማያባራው ረሃብም፣ ያለ ምክንያት መነጫነጩም ከዚያው ነው። እንቅልፍ ማጣትሽንም ሙሉ በሙሉ በጭንቀት አታሳብቢ። መድኃኒቱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፤ በተለይ ተከፋፍሎ ማታም የሚወሰድ ከሆነ። የቀኑን መጠን በሙሉ ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ ጊዜ መውሰድ ይሻላል። አጥንትን ስለሚያሳሳ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘልሽ ጠይቂ። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል በአገራችን አለ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሊራባና ሊሠራጭ ይችላል። ከመጀመርሽ በፊት ካልተመረመርሽ ወይም መድኃኒት ካልወሰድሽ ሐኪምሽን አስታውሺው።

ፕሬድኒሶሎን እሳት ማጥፊያ ነው፤ የበሽታውን ነበልባል አጥፍቶ ይወጣል፣ ዕድሜ ልክ አይወሰድም። ሐኪምሽ «የዕድሜ ልክ» ያለው ሜሳላዚኑን ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ያዢው፤ ያስፈራሽ አንዱ ነገር የሁለቱ መደባለቅ ይመስላል።

ሜሳላዚን የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ከላይ እየዳሰሰ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ከፕሬድኒሶሎን ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ ፊት አያሳብጥም፣ አጥንት አያሳሳም፣ ሱስም አያስይዝም። የዕድሜ ልክ የሚባለው በሽታው አመድ እንደለበሰ ረመጥ ስለሆነ ነው። ላዩ ሲታይ ጠፍቷል፤ ከሥር ግን አለ። የቺካጎ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በሽታው የተኛላቸውን 99 ታካሚዎች እስከ ሁለት ዓመት ተከታትሏል። ሜሳላዚናቸውን በአግባቡ የወሰዱት ሳያገረሽባቸው የመቆየት ዕድላቸው 89 ከመቶ ነበር፤ እየዘለሉ የወሰዱት ግን 39 ከመቶ። ልዩነቱ የመጣው አዲስ ወይም ውድ መድኃኒት ስለተሰጠ አይደለም። ያው መድኃኒት ነው፤ አንዱ ዋጠው፣ ሌላው ዘለለው። የሚዘለውም ብዙውን ጊዜ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሲሰማው ነው፤ ያንቺ ጥያቄ የመጣውም መድኃኒቱን በጀመርሽ በሦስተኛው ሳምንት፣ ደሙ ሲቆም ነው።

መጠኑ በሽታው ሲነሳ ከ2 እስከ 4.8 ግራም በቀን ሊደርስ ይችላል፤ ከተኛ በኋላ ለማቆየት ብዙ ጊዜ 2 ግራም አካባቢ ይበቃል። ተከፋፍሎ የተወሰደና በአንድ ጊዜ የተወሰደ ሥራቸው እኩል ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐኪምሽ ከፈቀደ ሁሉንም ጠዋት ጥርስሽን ስትፍቂ ብትውጪው አትረሺውም። እንክብሉን አትሰባብሪ፣ አታኝኪ። ሽፋኑ የተሠራው ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ እንዲከፈት ነው፤ ከተሰበረ መድኃኒቱ ላይ ያልቃል። በሰገራሽ ውስጥ ባዶ ቅርፊት ወይም ትንንሽ ነጫጭ ፍሬ ብታዪ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ወጥቶ የቀረው ልባስ ነው። ሙሉው እንክብል እንዳለ ደጋግሞ ከወጣ ግን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሌላ ዓይነት ይቀይርልሻል። ሜሳላዚን አልፎ አልፎ ኩላሊትን ስለሚነካ ከመጀመሪያው፣ ከጥቂት ወራት በኋላና ከዚያ በየዓመቱ ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይደረጋል። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳትና የባሰ ደም ተቅማጥ ያመጣል፤ ያኔ ቆሞ ሐኪም ይታያል።

ስለ አንድ ነገር ደብዳቤሽ ዝም ብሏል። በሽታሽ የግራ ጎን ከሆነ በፊንጢጣ የሚሰጠው ሜሳላዚን ታዝዞልሻል? በአፍ የሚወሰደውና በፊንጢጣ የሚገባው አንድ ላይ ሲሰጡ ለየብቻ ከሚሰጡት የበለጠ ይሠራሉ፤ ይህ በደንብ የተረጋገጠ ነው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚጀምረው ከፊንጢጣ በላይ ካለው ከመጨረሻው የአንጀት ክፍል ስለሆነ መድኃኒቱን በቀጥታ ቁስሉ ላይ የሚያደርሰው ይሄ መንገድ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣት በኀፍረት ይተወዋል፤ ሐኪሙም ኀፍረቱን አይቶ አንዳንዴ ሳያነሳው ያልፋል። እንክብሉ (ሰፖዚተሪ) የመጨረሻዎቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያክመው። ፈሳሹ (ኢኒማ) የግራውን ጎን በሙሉ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ይደርሳል።

አደራረጉ ይህን ያህል አያስቸግርም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሽንት ቤት ደርሰሽ ተመለሺ። እጅሽን ታጠቢ። ሰፖዚተሪውን በውሃ ካራስሽው ይንሸራተታል፤ ቅባት አያስፈልገውም። በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ቀኝ ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ ሰብስቢና በጣትሽ ልክ ወደ ውስጥ ግፊው። ኢኒማ ከሆነ ጠርሙሱን በደንብ ወዝውዢ፣ ብብትሽ ሥር አድርገሽ ለብ አድርጊው፤ ቀዝቃዛ ከገባ አንጀቱ ወዲያው ይገፋዋል። አንድ ደቂቃ ያህል ወስደሽ በቀስታ ጨምቂና ግማሽ ሰዓት እዚያው በግራ ጎንሽ ቆዪ። ሌሊቱን ሙሉ ቢቆይ ጥሩ ነው። አንሶላና የውስጥ ልብስ ላይ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ሊተው ስለሚችል አሮጌ ፎጣ አንጥፊ። ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ ፈሳሹ አልቆይ ቢልሽ አልሠራም ብለሽ አትጣዪው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በሰፖዚተሪ ጀምረሽ ወደ ፈሳሹ መመለስ ይቻላል።

መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ይህ አገር ውስጥ ላለ ታካሚ ዋናው ራስ ምታት ነው። የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ የአንድ ወር መጠባበቂያ ይኑርሽ፤ ሲያልቅ ሳይሆን ወር ሲቀረው መፈለግ ጀምሪ። ውጭ አገር ዘመድ የሚልክልሽ ከሆነ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን ያሸጊያውን ፎቶ ላኪ። ፔንታሳና አሳኮል ሁለቱም ሜሳላዚን ናቸው፤ ነገር ግን የሚከፈቱበት ቦታ ይለያያልና ሲቀየር ሐኪሙ ይወቀው። ሜሳላዚን ጨርሶ ከጠፋ ቀድሞ የነበረው ሰልፋሳላዚን አለ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። አንድ ግራም ሰልፋሳላዚን ውስጥ ያለው ሜሳላዚን 400 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግራም ለግራም አይተካም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ በትንሹ ተጀምሮ በጥቂት ቀናት ልዩነት ከፍ ይላል፤ ፎሊክ አሲድ አብሮት ይወሰዳል። ሽንትሽና ላብሽ ብርቱካንማ ቢሆን መድኃኒቱ ነው። ባክትሪም የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ወስዶ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ሰው ግን ሰልፋሳላዚን አይነካም። (ወንድ አንባቢ ካለ፦ የወንድ ዘር (ስፐርም) ቁጥርን ይቀንሳል፤ ሲቆም በ2 ወይም በ3 ወር ይመለሳል።)

አሁን ወደ አሜባው። ስምንት ወር ስለባከነብሽ ተናደሽ ይሆናል፤ ትክክልም ነሽ። ነገሩን ማወቅ የሚጠቅምሽ ግን በሽታው ዳግመኛ ቢያገረሽ ያው «አሜባ» የሚል ወረቀት እጅሽ ላይ ስለሚገባ ነው። አንጀት የሚያቆስለው አሜባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከማይጎዳው ዘመዱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ጤነኛ ሰውም የማይጎዳውን ተሸክሞ ይኖራል። ለይቶ የሚያሳውቀው ምልክት የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ መታየቱ ነው፤ የአሜባ አንቲጅን ምርመራ ባለበትም እሱ ይለያል። ዝም ብሎ «ሲስት (በልባስ ውስጥ የተኛ አሜባ) ታይቷል» የሚል ወረቀት ለደም ተቅማጥ በቂ ማብራሪያ አይሆንም። ቢሆንም የሰገራ ምርመራውን አትናቂ። በአልሰራቲቭ ኮላይተስ ላይ እውነተኛ አሜባ ወይም ሽጌላ (የደም ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ተደርቦ ሊያገረሽብሽ ይችላል፤ እውነተኛ አሜባ ባለበት ፕሬድኒሶሎን መጨመር ደግሞ አንጀትን እስከ መብሳት ያደርሳል። እና ደንቡ ይህ ነው፦ ምርመራ አዎ፤ ታይቶ ከተረጋገጠ አንድ ዙር ሕክምና አዎ፤ አንድ ዙር ሠርቶ ካልፈታው ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ፍላጂል ሳይሆን ወደ አንጀት ሐኪም።

(ይህን የሚያነብ፣ የዚህ በሽታ ዘመድ የሆነው «ክሮንስ» አለብህ የተባለ ወጣት ካለ ነገሩ በመጠኑ ይለያል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ እየዘለለ ሊይዝ ይችላል፤ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ የሚወደው ቦታ ነው። የአንጀት ቲቢም እዚያው ስለሚቀመጥና በጣም ስለሚመሳሰሉ፣ መከላከያ አቅምን የሚያወርድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቲቢ በናሙና ጭምር መፈተሽ አለበት። ሲጋራም ክሮንስን በግልጽ ያባብሳል።)

ካንሰር። ያለብሽ በሽታ ካንሰር አይደለም። ለብዙ ዓመት ሳይታከም የሚቆጣ አንጀት የካንሰር ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ እውነቱ ይህ ነው። ዕድሉ የሚያድገው ግን በዓመታት ብዛት፣ በቁስሉ ስፋትና ቁጣው ባለመብረዱ ነው። ቁስሉ የግራውን ጎን ብቻ የያዘ ሰው ትልቁ አንጀቱ በሙሉ ከተያዘው ሰው ዕድሉ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ምልክቱ ከጀመረ በ8ኛው ዓመት አካባቢ የክትትል ኮሎኖስኮፒ ይደረጋል፤ ከዚያ እንደ ሁኔታው ከ1 እስከ 5 ዓመት ልዩነት ይደገማል። ላንቺ ይህ ወደ 27 ዓመትሽ ይወድቃል። ቀኑን ጻፊና እስከዚያ ተዪው። (ጉበትና የሐሞት ቱቦ አብሮ የታመመበት ሰው ግን ክትትሉን የሚጀምረው በሽታው እንደታወቀ ነው፤ የጉበት ምርመራ በዓመት አንዴ መደረጉ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።)

ትምህርት ትጨርሻለሽ ወይ? በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ባለው ዕድሜ፣ ልክ ሰው በሚማርበትና ሥራ በሚይዝበት ጊዜ ነው፤ እናም አብዛኛው ሰው ከበሽታው ጋር ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ነው የሚኖረው። ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል የክፍል ጓደኛ ካለሽ ዳረን ፍሌቸር ማን እንደሆነ ጠይቂው። የማንችስተር ዩናይትድ አማካይ ሳለ በዚሁ በአልሰራቲቭ ኮላይተስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ከሜዳ ራቀ፤ በ2013 መጀመሪያ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ ከዚያም ዌስት ብሮም ገብቶ አምበል ሆነ። የጃፓኑ ሺንዞ አቤም ከጉርምስናው ጀምሮ ያው በሽታ ነበረበት። በ2007 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲለቅ በሽታው አንዱ ምክንያት ነበር፤ በ2012 ተመልሶ በአገሩ ታሪክ ረጅሙን ዘመን በሥልጣን ቆየ፤ በ2020 ሲያገረሽበት እንደገና ለቀቀ። ሁለቱን የጠቀስነው በሽታው አይጥልም ለማለት አይደለም፤ ጥሏቸዋል፣ ግን ተነሥተዋል። ቀዶ ሕክምናም ለብዙዎቹ ታካሚዎች ፈጽሞ የማያስፈልጋቸው ነገር ነው። ቢያስፈልግ እንኳ ምን እንደሚመስል እንድታውቂው ነው።

ዶርሙን በተመለከተ በቅድሚያ ከኮሎኖስኮፒው ውጤት ጋር የሐኪም ደብዳቤ አጽፈሽ ለተማሪዎች ዲንና ለትምህርት ክፍልሽ አስገቢ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ብቻ ይበል፦ ቋሚ የአንጀት ሕመም እንዳለብሽ፣ ፈተና ላይ በር አጠገብ መቀመጥና ሽንት ቤት መውጣት እንዲፈቀድልሽ፣ ሲያገረሽ የቀረሽበት ፈተና እንዲተካልሽ። ደብዳቤው የሚገባው ደህና ሳለሽ ነው፤ ታመሽ ከቀረሽ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ሰበብ ይመስላል። አልጋሽ ለሽንት ቤት በሚቀርብ ብሎክና ፎቅ ላይ እንዲሆን ጠይቂ። ውሃ የሚጠፋበት ግቢ ከሆነ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁልጊዜ ሞልተሽ አስቀምጪ። ቦርሳሽ ውስጥ አንድ ትርፍ የውስጥ ልብስ፣ ሶፍትና ፌስታል ይኑር፤ ባትጠቀሚበትም መኖሩ ብቻ ማጣደፉን ይቀንሳል። ለዶርም ጓደኞችሽ ዝርዝር አታወሪ፤ «የአንጀት ቁስለት አለብኝ፣ አይተላለፍም፣ አንዳንዴ እቸኩላለሁ» ይበቃል። እውነትም አይተላለፍም፦ በምግብ ዕቃም፣ በሽንት ቤትም፣ በመሳምም። ለአገር አቋራጭ መንገድ ፊት ወንበር ያዢ፤ በዋዜማው ባቄላና ጎመን ተዪ፣ ጠዋት ቡና አትጠጪ።

ምግብ ላይ የሚሰጠው ምክር ከሁሉም በላይ የተዘበራረቀ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣም የሚያድንም አንድ የተለየ ምግብ የለም። በርበሬ ቁስሉን አላመጣም። ሲያገረሽ ግን ሲወጣ ያቃጥላል፣ ያስቸኩላልና ለጊዜው በአልጫ ተኪው። በሚያገረሽበት ሰሞን አጥሚት፣ ሩዝ፣ ድንች ቅቅል፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ የተላጠና የበሰለ አትክልት ይስማማል፤ ቆሎ፣ ጥሬ ጎመንና ሰላጣ፣ ፈንዲሻ ይቆዩ። ሲተኛ ግን ወደ ሙሉው ማዕድ ተመለሺ፤ እንጀራሽን በሽሮም በምስርም ብዪ። በፍርሃት ሩዝና ሻይ ላይ የሚቀሩ ወጣቶች ከበሽታው ይልቅ በረሃብ ይከሳሉ። ወተት ከጠጣሽ በኋላ ሆድሽ የሚነፋና የሚጮህ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ትተሽ እዪ። የወተት ስኳር የማይፈጭለት አዋቂ በአገራችን ብዙ ነው፤ ያ ደግሞ የራሱ ጣጣ እንጂ የኮላይተሱ ማገርሸት አይደለም። እርጎ ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ክትፎና ቁርጥ ግን ፕሬድኒሶሎን ላይ ሳለሽ ይቅሩ፤ የበሽታ መከላከያሽ ዝቅ ባለበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ ለጀርምም ለትልም በር ይከፍታል።

የሚቀጥለው ከምግብ የበለጠ ይጠቅምሻል። ለወር አበባ ሕመም፣ ለጥርስ፣ ለራስ ምታት የምትወስጂው ምንድን ነው? አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከሆነ ተዪው። እነዚህ በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ፋርማሲው ያለ ወረቀት ስለሚሰጣቸውም ማንም አያስጠነቅቅሽም። ፓራሲታሞል ይሻልሻል፤ የወር አበባው በእሱ የማይታገሥ ከሆነ ከሐኪም ጋር ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

ደሙ ለወራት ስለፈሰሰሽ ሄሞግሎቢንሽንና የብረት ክምችትሽን አስለኪ። ደረጃ ስትወጪ የሚያደክምሽ፣ ትምህርት አልገባ የሚልሽ ከዚያ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብል በቀን አንድ ይበቃል፤ ሲበዛ ሆድ ያስቀይማል እንጂ ብዙም አይጨምርም። ከሻይና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ሰገራሽን ያጠቁረዋል።

ስለ ጠበሉና ስለ ጾሙ። እናትሽ የምትለው ከፍቅር ነው፤ ክርክር አትግጠሚያት። ጠበልና መድኃኒት አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የኤችአይቪ መድኃኒት ትተው ጠበል የሚገቡ በበዙበት ዘመን አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱ አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ይህን ንገሪያት። የሚያሰጋው መድኃኒቱን ማቋረጡ፣ እስኪያስመልስ ድረስ ብዙ ውሃ መጠጣቱና ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ተጠመቂ፣ ለበረከት ቅመሺ፣ ክኒንሽንም ዋጪ። ጾሙን በተመለከተ ፕሬድኒሶሎኑ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓት መጠበቁ ይቅር፤ ጠዋት ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመ ሰው የሚፈቅዱት የታወቀ ነው። በሽታው ከተኛና ሜሳላዚን ብቻ ከቀረሽ ከሥጋና ከወተት መጾሙ አንጀትሽን አይጎዳም፤ መድኃኒቱን ጾም ስትፈቺ በአንድ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ረመዳን የሚጾሙ ታካሚዎችም በሽታው ከተኛ በኢፍጣር ወይም በሱሁር ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ተቅማጥ ካለ ግን ውሃ ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን ይጎዳል።

ማግባትና መውለድ ይቻላል። በሽታው የተኛላት ሴት የማርገዝ ዕድሏ ከሌላዋ እምብዛም አይለይም። ዋናው ነገር ጊዜው ነው፦ በሽታው ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ተኝቶ ከቆየ በኋላ ይሁን፤ እየደማ ሳለ የተጀመረ እርግዝና የማስቸገር ዕድሉ ከፍ ይላል። ሜሳላዚን በእርግዝና ጊዜ አይቆምም። የበሽታ መከላከያን ከሚያወርዱት መድኃኒቶች አዛታዮፕሪንም እንደዚያው፤ ሜቶትሬክሴት ግን ከወራት በፊት መቆም አለበት። ልጅሽ ይህን በሽታ የመውረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ከወላጆቻቸው አንዱ ካለበት ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አይይዛቸውም። እጮኛ ሲመጣ መቼ ልንገረው የሚለው ያንቺ ውሳኔ ነው፤ ስትነግሪው ግን ይህንኑ ቁጥር ይዘሽ ንገሪው።

መቼ ነው የሚያስፈራው? እ.ኤ.አ. በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የሚባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ሐኪሞች ያወጡት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል፤ በዶርም ውስጥም ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ሰገራ ካለና ከእሱ ጋር የልብ ምትሽ በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ ወይም ትኩሳትሽ ከ37.8 ከበለጠ፣ ወይም ሄሞግሎቢንሽ ከ10.5 በታች ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን አልጋ ያለው ሆስፒታል ሂጂ። ሆድሽ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ፤ አንጀት ሲቆጣ ደም በቀላሉ ይረጋል። ዓይንሽ ቀልቶ ብርሃን ካሳመመሽም ለነገ አይባልም። የደም ተቅማጡ እንዲህ ሲበረታ ተቅማጥ ማቆሚያ ሎፐራማይድ አትውሰጂ፤ የቆሰለ አንጀት ሲታገድ ሊለጠጥና ሊበሳ ይችላል። እስክትደርሺ ኦአርኤስ ጠጪ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር ልሙጥ ሆኖ።

ቀለል ያለ ማገርሸት፣ ማለት በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ትንሽ ደም፣ ትኩሳት የሌለው ከሆነ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። የሰገራ ምርመራ ይደረጋል፣ ሜሳላዚኑ በሐኪም ትእዛዝ ከፍ ይላል፣ የፊንጢጣው ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ፕሬድኒሶሎን ይመለሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ያስፈለገው ሰው ወይም መጠኑ ሲቀንስ ወዲያው የሚያገረሽበት ሰው ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሸጋገራል፤ በብዛት አዛታዮፕሪን ነው። ሥራውን ለመጀመር 2 ወይም 3 ወር ይፈልጋል፣ በየጊዜው የደም ቆጠራ ይጠይቃል። ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪና ቲቢ ይመረመራሉ፤ እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶች ከተጀመረ በኋላ አይሰጡም። ከዚያ በላይ ያሉት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፣ በየቦታውም አይገኙም። አብዛኛው የግራ ጎን ታካሚ ግን እዚያ አይደርስም።

ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘሽ ግቢ፦ የፕሬድኒሶሎኑ መቀነሻ ቀኖች፤ በፊንጢጣ የሚሰጠው ሜሳላዚን ለእኔ ይታዘዛል ወይ፤ ክሪያቲኒን፣ ሄሞግሎቢንና የጉበት ምርመራ መቼ ይደገማል፤ ቢያገረሽብኝ ወደ ማን ልደውል። የኮሎኖስኮፒውንና የናሙናውን ውጤት ኮፒ ተቀበዪ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። የትኛውም ከተማ ብትታመሚ «አሜባ ነው» የሚል ወረቀት ከመምጣቱ በፊት ቀድመሽ የምታሳዪው እሱን ነው።